ባለራጂ ቸርኬን ያለ ከመነዳሪ መንዳት፦ ስለ ኢንተርሴፕተር 650 ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። የ2020 ስሪት ሮያል ኤንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ሞተር ሳይክል አለኝ። ባለፈው ወር አውቶባን ላይ ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ስሄድ የኋላ ጎማዬን ሚስማር ወጋውና በቅጽበት ባዶ ሆነ፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈን። ጎማው ጎን ላይ ‹ቱብለስ› ይላል። ታዲያ ከመነዳሪውን አውጥቼ የራጂዎቹን ቀዳዳ በሲሊኮን ብደፍን አይበቃም? በዚያው የኋላውን ጎማ ስፋት ከ130 ወደ 150 ሚሊ ሜትር ላሳድገው አስቤያለሁ፤ ያምራል፣ መንገድም ይይዛል ይባላል።»

አይበቃም። የ150ውንም ሐሳብ ይተዉት፤ ምክንያቱ ወደ በኋላ ይመጣል። ሞተርዎን ያለ ከመነዳሪ፣ ማለትም ጎማው ውስጥ አየር የሚይዘው ላስቲክ ሳይኖር፣ እንዲሄድ ማድረግ ግን ይቻላል። የሚቻልበትና የማይቻልበት ሁኔታ የሚለየው በቸርኬው፣ ማለትም ጎማው በሚገባበት የብረት ክብ፣ ነው፤ ስለዚህ ሲሊኮን ከመግዛትዎ በፊት ቸርኬዎን ይወቁት።

ጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ የሚናገረው ስለ ጎማው ብቻ ነው። ቱብለስ፣ ማለትም ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ፣ ጎማ ከውስጥ በኩል አየር የማያሳልፍ የቡቲል ሽፋን አለው፤ ከንፈሩም፣ ማለትም ውስጡ ሽቦ ያለበት ጠርዝ፣ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ አየር እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል። እንዲህ ያለውን ጎማ ከመነዳሪ ከትቶ መንዳት ስለሚቻል ብዙ ባለራጂ (ቸርኬያቸው በቀጫጭን ዘንጎች የተወጠረ) ሞተሮች ላይ ሁለቱ አብረው ይገኛሉ። በተቃራኒው፣ ለከመነዳሪ ብቻ የተሠራ ጎማ ያለ ከመነዳሪ ሊነዳ አይችልም። የእርስዎ ጎማ ቱብለስ መሆኑ እንግዲህ ግማሹን ሥራ ያቀልልዎታል እንጂ ቸርኬውን ቱብለስ አያደርገውም።

ያ ጎማ ለምን በቅጽበት ባዶ እንደሆነ መረዳት ምርጫውን ቀላል ያደርገዋል። ከመነዳሪ እንደ ፊኛ የተወጠረ ስስ ላስቲክ ነው፤ ሚስማር ሲነካው ቀዳዳው ባለበት አይቆምም፣ ይቀደዳል። ከዚያ የወጣው አየር ጎማው ውስጥ አይታሰርም፤ በ36ቱ የራጂ ቀዳዳዎችና በቫልቩ ቀዳዳ በኩል ወዲያው ውጭ ይወጣል። ቱብለስ ጎማ ላይ ሚስማሩን የጎማው ወፍራም ሥጋ ጨብጦ ይይዘዋል። አየሩ በሚስማሩ ዳር ዳር እየሾለከ ለመውጣት ረዘም ያለ ጊዜ፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጅበታል። ነጂው ሞተሩ ሲከብድበትና ሲዋልልበት ተሰምቶት ዳር ለመያዝ ጊዜ ያገኛል። ሁለተኛው ጥቅም ጥገናው ነው፦ ጎማውን ሳይፈቱ፣ ሚስማሩን ነቅለው፣ መድፈኛ ወግተው፣ ነፍተው መሄድ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከመነዳሪ ሁሉ የሚፈነዳው በሚስማር አይደለም። የአየር ግፊቱ ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ በጥቂት በጥቂቱ ይዞራል፣ ከመነዳሪውን ይጎትተዋል፣ መጨረሻ ላይ ላስቲኩ ከቫልቩ ሥር ይቀደዳል። ምልክቱ የቫልቩ ዘንግ ቀጥ ብሎ መቆሙን ትቶ ማጋደሉ ነው። ሌላው ምክንያት ጎማ ሲቀየር አሮጌውን ከመነዳሪ መልሶ መክተት ነው፤ አንዴ የተለጠጠ ከመነዳሪ በአዲስ ጎማ ውስጥ ይታጠፋል፣ በታጠፈበት ተፈትጎ ይቀደዳል። የወጣውን ከመነዳሪ ካልጣሉት ቀዳዳውን ይመልከቱት፦ ከቫልቩ ሥር ከሆነ ወይም እንደ እባብ ንክሻ ጎን ለጎን ሁለት ከሆነ ጥፋቱ የሚስማሩ ሳይሆን የግፊት ማነስ ነው። ያኔ ቱብለስም ቢሆን ግፊቱን ካልተከታተሉት አይጠቅምዎትም።

አሁን ወደ ቸርኬው። የቸርኬ መሐል ጎድጎድ ያለ ነው፤ ጎማ ሲገባና ሲወጣ ከንፈሩ የሚወርድበት ቦታ ያ ነው። በግራና በቀኝ ደግሞ ከንፈሩ የሚቀመጥባቸው ሁለት መደቦች አሉ። ለቱብለስ የተሠራ ቸርኬ በመደቡና በጎድጓዳው መካከል ዙሪያውን የሚሄድ ዝቅተኛ ጉብታ አለው። ጎማው አየር ሲያጣ ከንፈሩ ተንሸራቶ ጎድጓዳው ውስጥ እንዳይወድቅ የሚያግደው ይህ ጉብታ ነው። ጉብታ የሌለው ቸርኬ ምንም ያህል አሳምረው ቢያሽጉት ጤናማ በሆነ ቀን አየር ይይዝ ይሆናል፤ አንድ ቀን ተጋድመው ሲታጠፉ ጉድጓድ ሲመቱ ወይም ግፊቱ ሳያውቁት ሲወርድ ግን ከንፈሩ ከመደቡ ይላቀቅና አየሩ በአንድ ጊዜ ይወጣል። ያን ጊዜ ቱብለሱ ከከመነዳሪው የከፋ ይሆናል። ስለ ራጂ ቀዳዳ የሚጨነቅ ሰው ብዙ ነው፤ ስለዚህ ጉብታ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ለማወቅ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛ ቸርኬው ላይ የተቀረጸውን ያንብቡ፦ ከስፋቱ ቁጥር አጠገብ «ደብልዩ ኤም» ካለ ለከመነዳሪ የወጣው የድሮ ቅርጽ ነው፤ «ኤም ቲ» ካለ መደቡ 5 ዲግሪ ያጋደለ፣ ለቱብለስ ጎማ የሚስማማ ቅርጽ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ «ኤች 2» ከተጨመረ በሁለቱም በኩል ጉብታ አለው ማለት ነው። ሁለተኛ ጎማው ሲፈታ ልብ ይበሉ፦ አየሩ ወጥቶ በእግር ሲረገጥ ከንፈሩ በቀላሉ ከወረደ ጉብታ መኖሩን ይጠራጠሩ፤ ጉብታ ያለው ቸርኬ ማላቀቂያ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ሲነፋም «ጧ» ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሦስተኛና አስተማማኙ፣ ጎማው ከወጣ በኋላ ጣትዎን ከመደቡ ወደ ጎድጓዳው ይጎትቱ። ጉብታውን ጣትዎ ካላገኘው የለም። ሁለቱንም ጎን፣ የፊቱንም የኋላውንም ለየብቻ ይመርምሩ፤ የኋላው ስላለው የፊቱም አለው ማለት አይደለም።

ጉብታው አለ እንበል። ቀጣዩ ችግር ራጂዎቹ ናቸው። ባለራጂ ቸርኬ ዝም ብሎ የቆመ ብረት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዙር ከታች የሚውሉት ራጂዎች ውጥረታቸው ይላላል፣ ከላይ ሲደርሱ መልሶ ይጠብቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኒፕል (ራጂውን ቸርኬው ላይ የሚያስረው ትንሽ ዳዶ) ቀዳዳው ውስጥ በዓይን የማይታይ እንቅስቃሴ ያደርጋል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ በሰከንድ ከ10 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ደርቆ የሚጠነክር ማሸጊያ፣ ኢፖክሲ ለምሳሌ፣ በዚህ ምክንያት ይሰነጠቃል። የሚያስፈልገው እየተለጠጠ የሚከተል ነገር ነው።

ሲሊኮን ይለጠጣል፤ ታዲያ ለምን አይሆንም? አንደኛ፣ መታጠቢያ ቤት የሚቀባው፣ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ያወጣል፤ ኒፕሉንም ቸርኬውንም ይበላል። ሁለተኛ፣ ኮምጣጤ የማይሸተው ዓይነት እንኳ ቢሆን ባልጸዳና ባልተሻከረ ብረት ላይ ልጣጩ በቀላሉ ይነሳል። ሦስተኛ፣ ሲሊኮን አንዴ የነካው ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ አይዝም። ሞክሬ ካልሆነ በቴፕ እሠራዋለሁ የሚለው ዕቅድ የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ቸርኬው ቅባት እንደጠጣ ይቆያል።

የሚሠሩት መንገዶች እነዚህ ናቸው። ርካሹ ቴፕ ነው፦ የጃፓኑ አውቴክስ ለየቸርኬው ልክ የተቆረጠ ጥቅል ይሸጣል፤ ብዙ ሰው ደግሞ የስሪ ኤምን 4411 ኤን የተባለ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ማሸጊያ ቴፕ በጥቅል ገዝቶ ራሱ ይቆርጣል። ሁለተኛው ቸርኬውን ለባለሙያ ልኮ በፖሊመር ማስለበስ ነው፤ በጣሊያን ባርቱብለስ የተባለው ድርጅት በዚህ የታወቀ ነው። ሦስተኛው ከመጀመሪያው ቱብለስ ሆኖ የተነደፈ ባለራጂ ቸርኬ መግዛት ነው። ቢ ኤም ደብልዩ በ1987 በኤር 100 ጂ ኤስ ላይ ራጂዎቹን ወደ ቸርኬው ዳር አውጥቶ ከአየሩ ክፍል ውጭ አሰራቸው፤ የትራያምፍ ስክራምብለር 1200ም በዚሁ ሐሳብ ከፋብሪካ ቱብለስ ሆኖ ይወጣል። የጣሊያኖቹ ኪኔዮና አልፒና ለሌሎች ሞተሮች እንዲህ ያለውን ይሠራሉ፤ ዋጋቸው ግን ከሞተርዎ ዋጋ ጋር ሲተያይ ያስደነግጣል። አራተኛው ራጂውን ጨርሶ መተው ነው፦ ሮያል ኤንፊልድ ራሱ ከ2023 ጀምሮ የ650ዎቹን አንዳንድ ዓይነቶች ከቀለጠ አሉሚኒየም በአንድ ወጥ በተቀረጸ ቸርኬና በቱብለስ ጎማ ያወጣቸዋል፤ የቸርኬው ዲያሜትር ያው 18 ኢንች ነው።

ለእርስዎ የምመክረው አራተኛውን ነው። ከሰው ጋር ተጭነው አውቶባን ላይ ይነዳሉ፤ አንዴም ከአደጋ ተርፈዋል። ከፋብሪካው የወጣ እንዲህ ያለ ወጥ ቸርኬ ጉብታ አለው፣ የራጂ ቀዳዳ የለውም፣ ራጂ ማጥበቅ አይጠይቅም፣ ለተሽከርካሪ መርማሪም ለማስረዳት ቀላል ነው። መልኩ እንደ ራጂው አያምርም፤ ይህን አልክድም፣ የኢንተርሴፕተር ግማሽ ውበቱ ራጂው ነው። ከማዘዝዎ በፊት ሻጩ በእርስዎ የሻሲ ቁጥር አራት ነገር ያረጋግጥልዎ፦ የኤ ቢ ኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይታሰር የሚያደርገው ሥርዓት) ቀለበቱ የጥርስ ቁጥር፣ የዲስኩ ብሎኖች አቀማመጥ፣ የፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) ውፍረትና በግራ በቀኝ የሚገቡት መለያያ ቀለበቶች ርዝመት፣ እንዲሁም ካቴናው ከሚይዘው ጥርስ ጋር የሚገጥመው የኋላው ክፍል። አንዱ እንኳ ካልገጠመ ካቴናው ተጣምሞ ይሄዳል ወይም ኤ ቢ ኤሱ ስህተት ያሳያል።

ራጂውን መተው ካልፈለጉና ቸርኬዎ በሁለቱም ጎን ጉብታ ካለው፣ ቴፕ ሥራውን በአግባቡ ለሚሠራ ሰው ይሆናል። ጉብታ ከሌለው ወይም አንድ ጎን ብቻ ካለው በከመነዳሪ ይቀጥሉ፤ እዚህ ላይ «እገሌ እኮ ሠርቶት ይነዳል» የሚል ክርክር ዋጋ የለውም።

ከሥራው በፊት ወረቀቱ። ጀርመን ውስጥ ቸርኬንና ጎማን የሚነካ ለውጥ ሰነድ ይጠይቃል፤ ያለ ሰነድ ከተደረገ ሞተሩ መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፣ አደጋ ቢደርስ ደግሞ ከኢንሹራንሱ ጋር መከራከር ይመጣል። በየሁለት ዓመቱ ለቲዩፍ (ለተሽከርካሪ የቴክኒክ) ምርመራ መቅረብዎ ስለማይቀር ቴፑን ከመግዛትዎ በፊት መርማሪውን በአካል ሄደው ይጠይቁት፤ የትኛውን ዘዴ በየትኛው ሰነድ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይስጥዎት። ከሥራ በኋላ መጠየቅ ገንዘብ ማባከን ነው።

ሥራው የሚጀምረው ራጂዎቹን በማስተካከል ነው። ከታሸገ በኋላ ኒፕል ማዞር ማሸጊያውን ስለሚቀድ ቸርኬው አስቀድሞ ቀጥ ማለት አለበት። ጎማውን ፈትተው ፔርኖው ላይ እያሽከረከሩ ከጎን ወደ ጎንና ከላይ ወደ ታች የሚያደርገውን ውልውልታ ይለኩ፤ ብዙ የጥገና መመሪያዎች እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይፈቅዳሉ፣ ለቱብለስ ግን ከ1 በታች እንዲሆን ይሥሩት። ራጂዎቹን በትንሽ መፍቻ እየነኩ ድምፃቸውን ያዳምጡ፤ ከሌሎቹ የደነዘዘ ድምፅ ያለው ልል ነው። ከኒፕሉ ራስ ያለፈ የራጂ ጫፍ ካለ ይሞርዱት። የቸርኬውን የብየዳ መገጣጠሚያም በጥንቃቄ ይዩት፤ ኒፕሎቹን ሁሉ አሽጎ በዚያች መሥመር የሚያፈስ ቸርኬ የተለመደ ነው።

ጎማውን ሲፈቱ ዲስኩ መሬት እንዳይነካ በሁለት እንጨት ላይ ያሳርፉት፤ የኤ ቢ ኤስ ቀለበቱ በትንሽ ነገር ይጎብጣልና እሱ ላይ ምንም አያስደግፉ። ጎማው ወጥቶ ሳለ ማንም ፍሬን እንዳይጨብጥ፤ የፍሬን ሸራዎቹ ይገጥሙና ዲስኩን መልሶ ማስገባት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። በዚያው ኩሽኔታዎቹን በጣት አዙረው ይሞክሯቸው፤ የሚንኮራኮር ወይም የሚጎረብጥ ካለ አሁን ይቀየር። ከኋላው ጎማ ውስጥ ያሉት የካቴናውን ግፊያ የሚያበርዱት ላስቲኮች ከላሉም እንዲሁ።

ማጽዳት ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ነው፤ መሆንም አለበት። የድሮውን የራጂ መሸፈኛ ላስቲክና ሙጫውን ያስወግዱ፣ ዝገትና ነጭ የአሉሚኒየም ዱቄት ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ያንሱት፣ ቴፑ የሚያርፍበትን ቦታ በሙሉ በሚያሻክር ስፖንጅ በቀስታ ያሻክሩት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል፣ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋግመው ይጥረጉት። ካጸዱ በኋላ በባዶ ጣት አይንኩት። የሚሠሩበት ክፍል ከ20 ዲግሪ በታች ባይሆን ይመረጣል፤ በቀዝቃዛ ጋራዥ የተለጠፈ ቴፕ ጠዋት ላይ ተነስቶ ይገኛል።

እያንዳንዱ ኒፕል ላይ ኮምጣጤ የማይሸት፣ ተለጣጭ የሆነ የፖሊዩሬታን ወይም የኤም ኤስ ፖሊመር ማሸጊያ ጠብታ ያድርጉና በጣት ሳይሆን በፕላስቲክ ካርድ ጠርዝ ከዙሪያው ጋር ያስተካክሉት። ዓላማው ቀዳዳውን መድፈንና ቴፑ የሚያርፍበትን ወለል እኩል ማድረግ ነው፤ ክምር ማድረግ አይደለም። እነዚህ ማሸጊያዎች ከአየር እርጥበት ጋር እየተዋሃዱ ከላይ ወደ ውስጥ ስለሚደርቁ ወፍራም ክምር ላዩ ደርቆ ውስጡ ለቀናት ጭቃ ሆኖ ይቆያል። ቢያንስ ሙሉ 24 ሰዓት ይተዉት።

የቴፑ ስፋት ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። ቴፑ ጎድጓዳውን መሸፈን አለበት፤ ከንፈሩ የሚቀመጥበት መደብ ላይ ግን መውጣት የለበትም። መደቡ ላይ የወጣ ቴፕ ጎማው ሲገባ ይጠቀለላል፣ ከንፈሩም ወጣ ገባ ሆኖ ይቀመጥና በዚያው ያፈስሳል። ስለዚህ ጎድጓዳውን በካሊፐር ለክተው ይቁረጡ፤ የፊቱ ቸርኬ ከኋላው ስለሚጠብ የፊቱ ቴፕ በእርግጥ የተለየ ስፋት ይኖረዋል። ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምረው ሳይጎትቱ ያስተኙት፤ የተለጠጠ ቴፕ ተመልሶ ይሰበሰብና ጫፉን ይነቅላል። በትንሽ ሮለር ከመሐል ወደ ዳር እየገፉ አየሩን ያውጡ፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደረብ። ከተለጠፈ በኋላ ሙጫው ሙሉ ጉልበቱን እስኪያገኝ ሦስት ቀን መጠበቅ ጥሩ ነው።

ቫልቩን አቅልሎ የሚያየው ብዙ ነው። የከመነዳሪ ቸርኬ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ የመኪናው ዓይነት በጉልበት የሚሳብ የላስቲክ ቫልቭ ግን ከ11 ሚሊ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ጎሚስታው «በመብሻ ሰፋ እናድርገው» ካለዎት እምቢ ይበሉ፤ የራጂ ቸርኬ ቀጭን ነው፣ የሰፋ ቀዳዳ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ለ8.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ የሚሆን በዳዶ የሚታሰር የብረት ቫልቭ ይሸጣል። በቴፑ ላይ ለዘንጉ ብቻ የሚበቃ ክብ ቀዳዳ ይቁረጡ፤ በመስቀል ቅርጽ የተሰነጠቀ ቴፕ ከጫፉ ይቀጥላል። የላስቲክ ሮንዴላው ከውስጥ በኩል ቸርኬው ላይ እኩል መቀመጡን ያረጋግጡና ዳዶውን ላስቲኩ ትንሽ እስኪጨመቅ ብቻ ያጥብቁ።

ጎማውን ሲያስገቡ የጎማ ማውጫ ብረቱ ወደ ጎድጓዳው በጥልቀት እንዳይገባ፤ አንድ ጭረት የሦስት ቀኑን ሥራ ያጠፋል። የጎማ መክተቻ ቅባት ወይም የሳሙና ውኃ በደንብ ይቀቡ፣ የመዞሪያ ቀስቱን ያመሳክሩ። ጎማው የተሠራበትንም ጊዜ ይዩት፦ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንትና ዓመት ናቸው፣ 2219 ማለት የ2019 22ኛው ሳምንት ነው። ከሞተሩ ጋር የመጣ ጎማ ከሆነ ይህን ሁሉ ደክሞ መልሶ ማስገባት ትርጉም የለውም፤ አዲስ ቱብለስ ጎማ ያስገቡ። የቫልቩን ውስጠኛ እምብርት አውጥተው በኮምፕሬሰር ይንፉት፤ አየሩ በአንዴ ሲገባ ከንፈሩ ይቀመጣል። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ወሰን በፍጹም አይለፉ። እምቢ ካለ አየሩን አውጥተው፣ እንደገና ቀብተው ይሞክሩ። ከተቀመጠ በኋላ ከንፈሩ አጠገብ ያለው ስስ መሥመር ከቸርኬው ጠርዝ ዙሪያውን እኩል መራቅ አለበት።

ከዚያ ፍተሻ። የሳሙና ውኃ በእያንዳንዱ ኒፕል፣ በቫልቩ ሥር፣ በብየዳው መሥመርና በከንፈሩ ዙሪያ ይርጩ፤ ደቃቅ አረፋ የሚገፋ ቦታ ያፈስሳል። አረፋ ባይኖርም ጎማውን ሳይነዱ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓትና በተመሳሳይ መለኪያ ይለኩት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀየር 2.5 ባር የተነፋ ጎማ ከ0.1 ባር በላይ ይወርዳል ወይም ይወጣል፤ ይህን እንደ መፍሰስ አይቁጠሩት። ሙቀቱ ሳይቀየር በሳምንት ከ2 ፒ ኤስ አይ (0.14 ባር ያህል) በላይ ከጎደለ ግን አይንዱት፣ ይፍቱትና እንደገና ይሥሩት። ውስጡ ፈሳሽ ማሸጊያ ጨምሮ መገላገል የሚመስለው አለ፤ ያ ፈሳሽ ጎማውን ባላንስ ያሳጣዋል፣ አንዳንዱም አሉሚኒየሙን ይበላል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታሸገው ሥራ መክሸፉን ይደብቅብዎታል። ፍተሻውን ካለፈ ባላንስ ያሠሩት፤ የብረት ቫልቭ ከከመነዳሪው ቫልቭ የተለየ ክብደት ስላለው የድሮዎቹ እርሳሶች ባሉበት አይሆኑም።

ሞተሩ ላይ ሲመልሱት ፔርኖውን በመመሪያው ላይ ባለው የጥብቀት ቁጥር በቶርክ መፍቻ ያጥብቁ፣ የካቴናውን ልልነት ያስተካክሉ፣ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ፍሬኑን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግመው ይጨብጡ። የመጀመሪያዎቹን 100 ኪሎ ሜትሮች ብቻዎን፣ ከተማ ውስጥ ይንዱ፤ ከዚያ ራጂዎቹን መልሰው ያዳምጧቸው። የላላ ካገኙና ከሩብ ዙር በላይ ማጥበቅ ከጠየቀ በዚያ ኒፕል ላይ ያለው ማሸጊያ ተቀዷል ብለው ያስቡ።

ስለ 150 ጎማው። የኋላ ቸርኬዎ ስፋት 3.50 ኢንች ነው፤ 130ው የተመረጠው ለዚሁ ስፋት ነው። 150 እዚያ ላይ ሲገባ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይሳቡና የመሐሉ ጀርባ ይሾላል። ሲጋደሙ መሬት የሚነካው የጎማ ክፍል እንደሚያስቡት አይሰፋም፤ ሞተሩ ግን ለመታጠፍ ይከብዳል፣ ከካቴናው መሸፈኛ ጋር የሚቀረው ክፍተትም ይጠባል። ጀርመን ውስጥ ሰነድ የሌለው የጎማ ልክ ደግሞ ቲዩፍ አያልፍም። መንገድ የሚይዝ ሞተር ከፈለጉ ገንዘቡን በዚሁ ልክ በተሻለ ጎማና በኋላዎቹ ሁለት ሞላዎች ላይ ያውሉት።

ቸርኬው አይሆንም ተብሎ በከመነዳሪ ለመቀጠል ከወሰኑ፣ በደንብ የተገጠመ ከመነዳሪ እንደሚወራው መጥፎ አይደለም። ጎማ በተቀየረ ቁጥር አዲስ ከመነዳሪ፣ በትክክለኛው ልክ ይግዙ። ሲገባ ታልክ ዱቄት ይነስንሱበት፣ ቅርጹን እስኪይዝ በትንሹ ነፍተው ይክተቱት፣ የራጂ መሸፈኛውን ላስቲክ አዲስ ያድርጉት። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አያጥብቁት፤ ወደ ላይ ከክዳኑ ጋር ያገናኙት። ጎማው ቸርኬው ላይ መዞር ከጀመረ ቫልቩ ሲያጋድል ያያሉ፣ ሥሩም ቶሎ አይቆረጥም። ግፊቱን በየሳምንቱ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ይለኩ፤ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ በመመሪያው ላይ ለሁለት ሰው የተጻፈውን ቁጥር ይጠቀሙ።

ቱብለስ ካደረጉት ደግሞ ከመቀመጫው ሥር የገመድ መድፈኛ፣ መውጊያና ማስገቢያ፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መንፊያ ይኑርዎት። በዚህ የሚደፈነው መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ላይ ያለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይሰፋ ቀዳዳ ብቻ ነው፤ የጎማው ጎን በምንም አይደፈንም። ከውጭ የተወጋ ገመድ ወደ ጎሚስታ የሚያደርስ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፦ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት አይለፉ፣ ሰው አያስቀምጡ። ለረጅም ጉዞ ሲወጡ በጎማዎ ልክ የሆነ አንድ ከመነዳሪም ይያዙ፤ ቴፑ ተነስቶ አየር እምቢ ካለ የብረት ቫልቩን ፈትተው፣ የተነሳውን የቴፕ ጫፍ ቆርጠው ከመነዳሪውን መክተት ይቻላል።